ከመርከብ የወረደ እንግዳ ሐዋሳ እስኪደርስ፦ ስለ ጤና፣ ኢሚግሬሽንና ጉምሩክ ፍተሻ ማብራሪያ

ወደብ የሌላት ከተማ ስለ መርከብ ለምን ትማራለች?

በሐዋሳ ሐይቅ ላይ የሚሄዱ ጀልባዎች ሁሉ ከሐይቁ ዳር ተነሥተው እዚያው ይመለሳሉ። ፍቅር ሐይቅ ከሚባለው ዳርቻ ተሳፍሮ ጉማሬ ለማየት ወደ ማዶ የሚሻገር የውጭ አገር ጎብኚ ፓስፖርት አይጠየቅም፤ ሻንጣውንም የሚከፍት የለም። ሐይቁ ወደ ውጭ የሚፈስበት ወንዝ ስለሌለው ከየትኛውም አገር በውኃ የሚመጣበት ሰው የለም።

እንዲያም ሆኖ በቱሪዝምና በሆቴል ሙያ የሚሠለጥን የከተማችን ወጣት የሽርሽር መርከብን ጉዳይ ማወቅ ይገባዋል። ሐዋሳ ከሞምባሳ ወደብ በናይሮቢና በሞያሌ አድርጎ አዲስ አበባ በሚገባው አውራ ጎዳና ላይ ናት። ሞምባሳ ደግሞ የሽርሽር መርከቦች የሚቆሙበት፣ ለእነርሱም ራሱን የቻለ የመንገደኞች ማስተናገጃ ያለው ወደብ ነው። ከመርከብ የወረደ ሰው «ወደ ላይ ወጥቼ የስምጥ ሸለቆን ሐይቆች ልይ» ቢል መንገዱ በደጃችን ያልፋል። አስጎብኚው፣ የሆቴል እንግዳ ተቀባዩና የመኪና አከራዩ ገና በስልክ ላይ ሳለ «ምን ያስፈልገኛል?» ብሎ ይጠይቃቸዋል። የተሳሳተ መልስ ከሰጡት እንግዳው ድንበር ላይ ይቀራል።

ከሁሉ አስቀድሜ እንድትይዙልኝ የምፈልገው ይህን ነው። ፍተሻው የሚያልቀው እንግዳው አገር በሚገባበት የመጀመሪያ በር ላይ ነው፤ ሐዋሳ ላይ የሚጀመር የኢሚግሬሽን ወይም የሻንጣ ቁጥጥር የለም። ስለዚህ የእኛ ድርሻ ሰውን መፈተሽ ሳይሆን ከቤቱ ሳይነሣ በትክክል ማስረዳት ነው።

ሦስት መሥሪያ ቤት፣ ሦስት ጥያቄ

በወደብም ሆነ በአውሮፕላን ማረፊያ ወይም በየብስ ኬላ የሚገባ መንገደኛ ሦስት ዓይነት ጥያቄ ይጠብቀዋል። የጤና ባለሙያው የሚያየው በሽታን ነው፤ ከየት እንደመጣና ምን ክትባት እንደወሰደ ይጠይቀዋል። የኢሚግሬሽን ሠራተኛው ስለ ሰውየው ማንነት፣ ስለ መግቢያ ፈቃዱና ስለሚቆይበት ጊዜ ይጠይቃል። ጉምሩክ ግን ዓይኑ ዕቃው ላይ ነው፦ ምን ይዘሃል? ቀረጥ የሚከፈልበት ነው? ፈቃድ የሚያስፈልገው ወይም የተከለከለ ነገር አለበት?

በአገራችን የመጀመሪያው በኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ባለሙያዎች፣ ሁለተኛው በኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት፣ ሦስተኛው በጉምሩክ ኮሚሽን ይሠራል። ኢሚግሬሽን የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 354/1995 ሲሆን በኋላ ማሻሻያ ተደርጎለታል። ጉምሩክ በአዋጅ ቁጥር 859/2006 እና ይህንኑ ባሻሻለው 1160/2011 ይሠራል። ከዚያ በፊት ከገቢዎች ጋር ተጣምሮ የነበረው መሥሪያ ቤት ራሱን ችሎ እንደገና ኮሚሽን የሆነውም በ2011 ዓ.ም. ገደማ ነው።

ብዙውን ጊዜ ችግር የሚፈጠረው ሦስቱ ሲደበላለቁ ነው። «ቪዛ አለኝ እኮ!» ብሎ የጉምሩክ ሠራተኛ ፊት የሚከራከር እንግዳ አለ። ቪዛው ስለ ሰውየው እንጂ በሻንጣው ውስጥ ስላለው ድሮን የሚለው ነገር የለም። እንዲሁም ዕቃው በሙሉ ንጹሕ የሆነ፣ ቪዛውም ያልተነካ መንገደኛ የክትባት ካርድ ባለመያዙ ሊቆም ይችላል። አንዱ መስኮት የሰጠው ይለፍ ለሌላው መስኮት አያገለግልም።

መርከቧ ገና ባሕር ላይ ሳለች

የሽርሽር መርከብ ፍተሻ የሚጀምረው መርከቧ ወደብ ሳትደርስ ነው። የመርከቡ ወኪል የተሳፋሪዎቹንና የሠራተኞቹን ስም፣ ዜግነትና የፓስፖርት ቁጥር የያዘውን ዝርዝር ለወደቡ ባለሥልጣናት አስቀድሞ ይልካል። ወደ አሜሪካ የሚሄድ መርከብ መምጣቱን ከ96 ሰዓት በፊት ማሳወቅ አለበት። በአውሮፓ የሼንገን አገሮች ደግሞ መርከቧ የምትጎበኛቸው ወደቦችና የሰዎቹ ዝርዝር ቀድሞ ይጠየቃል። ስለዚህ ሦስት ሺህ ሰው የጫነች መርከብ ማለዳ ስትቆም ኢሚግሬሽኑ ማን እንደመጣ አውቆ፣ ስሙን ከራሱ መዝገብ ጋር አመሳክሮ ጨርሷል። ሦስት ሺህ ሰው በጥቂት ሰዓት ውስጥ መውረድ የሚችለው ከዚህ የተነሣ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ጤና ይቀድማል። ካፒቴኑ በመርከቧ ላይ የታመመ ሰው መኖር አለመኖሩን በጽሑፍ ያስታውቃል። በባሕር ሕግ ልማድ ሙሉ ቢጫ ባንዲራ የሰቀለች መርከብ «ጤነኛ ነኝ፤ ለመግባት ፈቃድ እጠይቃለሁ» ማለቷ ነው። የጤና ፈቃዱ ሳይሰጥ ማንም ወደ የብስ አይወርድም። ዛሬ ፈቃዱ በአብዛኛው በሬዲዮ ወይም በኢሜይል ያልቃል። ኮሮና በገባ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2020፣ በጃፓን ዮኮሃማ ወደብ የቆመችው ዳይመንድ ፕሪንሰስ ተሳፋሪዎቿን እንደያዘች ለሳምንታት በኳራንቲን የቆየችው በዚሁ ሥልጣን ነው።

ለሰዓታት የወረደና ጨርሶ የወረደ

ከመርከብ የሚወርድ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አብዛኛው ጠዋት ወርዶ ከተማ ዞሮ፣ ምሳ በልቶ፣ ስጦታ ገዝቶ ማታ ይመለሳል። ለእንዲህ ያለው መንገደኛ የዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣው ስምምነት አገሮች ነገሩን እንዲያቀሉ ይመክራል፦ መርከቧ በወደቡ ከ72 ሰዓት በታች ከቆየች፣ ልዩ ምክንያት ከሌለ በቀር፣ ተሳፋሪው ቪዛ ባይጠየቅ መልካም ነው ይላል። ይህ ግን ግዴታ አይደለም፤ እያንዳንዱ አገር የራሱን ይወስናል። ፓስፖርቱን ብዙ ጊዜ መርከቡ ራሱ ሰብስቦ ይይዝና ባለሥልጣናቱ መርከቧ ላይ ወጥተው ይመለከቱታል። ተሳፋሪው ሲወርድና ሲወጣ ፎቶው ያለበትን የመርከቧን ካርድ በር ላይ ያስነካል፤ ማን እንደወረደና ማን እንዳልተመለሰ የሚታወቀው በዚያ ካርድ ነው።

ጨርሶ የሚወርደው ግን ሙሉ ፍተሻ ይጠብቀዋል። ሻንጣውን በዋዜማው ማታ ቁጥር የተጻፈበት ባለቀለም ወረቀት አስሮ ከክፍሉ በር ላይ ያስቀምጣል፤ ጠዋት ከወደቡ አዳራሽ ያገኘዋል። ከዚያ ፓስፖርት፣ አሻራ ወይም የፊት ፎቶ፣ ቀጥሎም ጉምሩክ። በብዙ አገር ደግሞ ከቁርስ ጠረጴዛ የተነሣች አንዲት ፍሬ እንኳ ችግር ታመጣለች። አሜሪካና አውስትራሊያ ፍራፍሬና ሥጋ አሽትተው የሚያገኙ ውሾች ያሰማራሉ። ምክንያቱ ከባድ ነው፤ የፍራፍሬ ዝንብ እንቁላል ያለበት አንድ ብርቱካን የአንድ አካባቢን እርሻ ሊበክል ይችላል።

በውጭ ያሉ ወገኖቻችንም እዚህ ላይ ይቸገራሉ። ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት ይዞ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ የሼንገን ቪዛ ተመትቶለት፣ ከባርሴሎና ተነሥቶ ቱኒስን ነክቶ ሮም የሚወርድ ሰው እናስብ። ቱኒስ ከሼንገን ውጭ ናት። ከመርከቡ ባይወርድ እንኳ ጉዞው የውጭውን ድንበር ስለሚያቋርጥ፣ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ እንዳለው ቲኬት ሳይገዛ ማረጋገጥ አለበት። የአሜሪካ ዜጋ የሆነ ጓደኛው ከፍሎሪዳ ተነሥቶ ወደዚያው በሚመለስ የካሪቢያን ጉዞ ላይ በልደት ምስክር ወረቀትና በመታወቂያ ሊመለስ ሲችል፣ ግሪን ካርድ ያለው ኢትዮጵያዊ ግን ካርዱን መያዙ ግድ ነው። ለሚነካቸው ደሴቶች ደግሞ ፓስፖርቱንና የየደሴቱን የቪዛ ሕግ ይመልከት። ይህን ማጣራት የራሱ ኃላፊነት ነው፤ ቢመልሱት ገንዘቡም ላይመለስ ይችላል።

መርከብ፣ ባቡርና ነጋድራስ

ከመርከብ የወረደን የውጭ ሰው መፈተሽ ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። ከአውሮፓ የሚመጣው ሰው ለረጅም ጊዜ በጅቡቲ ወርዶ ነው የገባው። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ። ድሬዳዋ የተቆረቆረችውም በባቡሩ ምክንያት ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ታላቅ የጉምሩክ ከተማ ሆነች። ያኔ የጉምሩክና የንግድ ሹም ነጋድራስ ይባል ነበር። ስለ አገራችን ኢኮኖሚ ቀድመው ከጻፉት ሊቃውንት አንዱ የሆኑት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በሕይወታቸው መጨረሻ ላይ ያገለገሉት በዚያችው በድሬዳዋ ነው። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ለተፈጸመው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ ከውጭ የመጡት እንግዶች ጅቡቲ ድረስ በመርከብ፣ ከዚያ በባቡር ነው የገቡት።

ከዚህም የሚቀርብ አለ፤ ጋምቤላ። በ1902 እ.ኤ.አ. በአጼ ምኒልክና በእንግሊዝ መካከል በተደረገው ውል እንግሊዞች በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲያቋቁሙ ተፈቀደላቸው። ከካርቱም የሚነሡ የእንፋሎት መርከቦች በክረምት፣ ወንዙ ሲሞላ፣ ጋምቤላ ድረስ ይመጡ ነበር፤ ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። ወንዙ ሲጎድል መንገዱ ይዘጋል። ጣቢያው በሱዳን በኩል ሲተዳደር ቆይቶ ሱዳን ነጻ በወጣችበት በ1956 እ.ኤ.አ. ለኢትዮጵያ ተመለሰ። በዛሬዋ ኢትዮጵያ ምድር ላይ ከመርከብ ወርዶ በቀጥታ አገር ውስጥ የሚገባ መንገደኛ የታየው በጋምቤላ ነው።

ምጽዋና አሰብም ኤርትራ በፌዴሬሽን ከተዋሐደችበት ከ1945 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ አስተዳደር ሥር ነበሩ። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ አገር ሆነች፤ በአሰብ መጠቀማችንም በ1990 ዓ.ም. ሁለቱ አገሮች ሲዋጉ ቆመ። ከዚያ ወዲህ የባሕር መንገደኛን በራሳችን ወደብ ላይ የምንቀበልበት በር የለንም። እንግዳው የሌላ አገር ፍተሻ አልፎ ነው እኛ ዘንድ የሚደርሰው።

ከሞምባሳ እስከ ሞያሌ

አሁን ወደ ጉዳያችን እንግባ። አንዲት ጡረታ የወጣች ጀርመናዊት በሽርሽር መርከብ ሞምባሳ ደርሳለች እንበል። ጓደኞቿ ለአንድ ቀን ወርደው ይመለሳሉ። እርሷ ግን በየብስ ሐዋሳ መምጣት፣ ከዚያም በቦሌ ወደ አገሯ መብረር ፈልጋለች።

በዚህ ምርጫዋ ለሰዓታት ከሚወርዱት ተለይታ ጨርሳ የወረደች መንገደኛ ትሆናለች። መርከቡ ከዝርዝሩ ያስወጣታል። ኬንያ ከጥር 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቪዛን በኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃድ ተክታለችና እርሱን አስቀድማ መያዝ አለባት፤ ሻንጣዋም በኬንያ ጉምሩክ ያልፋል። ይህን ለመርከቡ ቢሮ ቀድማ ካላሳወቀች ካፒቴኑ እንደጠፋች ተሳፋሪ ሊያስመዘግባት ይችላል።

ከናይሮቢ በኢሲዮሎና በማርሳቢት አድርጋ ሞያሌ ትደርሳለች። ሞያሌ ላይ ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና የያኔው የኬንያ ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ የጋራ የድንበር አገልግሎት ጣቢያ መርቀዋል። አሠራሩን በደንብ ልብ በሉት። በድሮው አሠራር መንገደኛው በአንዱ አገር ኬላ የመውጫ ማህተም ያስመታል፤ ድንበሩን ተሻግሮ በሌላው እንደገና ይሰለፋል። በጋራ ጣቢያ ግን የሁለቱም አገር ሠራተኞች በአንድ ሕንፃ ይቀመጣሉ፤ መንገደኛው የሚቆመው በሚገባበት አገር በኩል ብቻ ነው። ጀርመናዊቷ ወደ ኢትዮጵያ ስለምትገባ የኬንያ መውጫዋም የኢትዮጵያ መግቢያዋም በእኛ በኩል ባለው ሕንፃ ያልቃል። ከሐዋሳ ወደ ናይሮቢ የሚሄድ ሰው ደግሞ በተቃራኒው በኬንያ በኩል ያልቅለታል። እያንዳንዱ አገር ግን ሕጉን ለሌላው አላስረከበም፤ የኬንያው ሠራተኛ የኬንያን፣ የእኛው የእኛን ሕግ ይሠራል።

ሞያሌ ላይ ሁለት ነገር እንግዳን ይጥላል። አንደኛው ቢጫ ወባ ነው። ኢትዮጵያ ቢጫ ወባ ካለባቸው አገሮች የሚመጣ፣ ዕድሜው 9 ወርና ከዚያ በላይ የሆነ መንገደኛ የክትባት ምስክር ወረቀት እንዲይዝ ትጠይቃለች፤ ኬንያ ከእነዚያ አገሮች አንዷ ናት። ክትባቱ እንደ ሕግ ሊያገለግል የሚጀምረው ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ስለዚህ በዋዜማው ተወግቶ መምጣት አይሆንም። አንዴ የተወሰደ ክትባት ደግሞ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ በአሮጌው ካርድ ላይ «ለ10 ዓመት» የሚል ቢጻፍም።

ሁለተኛው ቪዛ ነው። የኤሌክትሮኒክ ቪዛው በ2010 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የታሰበው በቦሌ በኩል ለሚገቡ መንገደኞች ነበር። በየብስ የሚመጣ እንግዳ የያዘው ቪዛ በሞያሌ በኩል እንደሚያስገባው ከኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ከኢሚግሬሽን በጽሑፍ ሳያረጋግጥ ጉዞ አይጀምር። ናይሮቢ ላይ ኤምባሲያችን አለ፤ ጥያቄው እዚያ ቢያልቅ ይሻላል። ከናይሮቢ ሞያሌ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ያን ሁሉ መንገድ ተመልሶ መሄድ ለአዛውንት መንገደኛ ቀላል አይደለም። የኬንያ ፓስፖርት የያዘ ግን ቪዛ አያስፈልገውም፤ የጅቡቲም እንዲሁ።

ከሞያሌ በያቤሎ፣ በሀገረ ማርያምና በዲላ አድርጎ ሐዋሳ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ መንገድ ላይ የጉምሩክ ኬላዎች አሉ። ኮንትሮባንድ የሚያሳድዱ ስለሆኑ አውቶቡሱንም የቤት መኪናውንም ያስቆማሉ። ይህ ሁለተኛ የመግቢያ ፍተሻ ሳይሆን ሞያሌ ላይ ሳይታይ ያለፈ ዕቃ ካለ ለመያዝ ነው። እንግዳው የሞያሌ ወረቀቶቹን በእጁ ይያዝ፤ የመኪናው ሹፌርም በረጋ መንፈስ ያስረዳለት። ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱን የጸጥታ ሁኔታ መጠየቅም የአስጎብኚ ግዴታ ነው።

በቦሌ የመጣ ከሆነ

እውነቱን ለመናገር ወደ ሐዋሳ የሚመጣው አብዛኛው የውጭ እንግዳ ባሕርም ድንበርም አያውቅም፤ በቦሌ ነው የሚገባው። በሞምባሳ ከመርከብ የወረደውም ቢሆን ከናይሮቢ በአውሮፕላን ቢመጣ በቦሌ ይገባል፤ ለብዙዎች የምመክረው ይህን ነው። የአፍሪካ አገሮች ፓስፖርት የያዙ ከጥቅምት 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ሲደርሱ ቪዛ እንዲያገኙ ተፈቅዷል። ትውልደ ኢትዮጵያዊ የሆነ የውጭ ዜጋ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የተሰጠው መታወቂያ ካለው ቪዛ አይጠየቅም። ጉምሩክ ግን ለሁሉም ያው ነው።

ስለ ኤሌክትሮኒክ ቪዛው ሁለት ነገር ለእንግዳችሁ ንገሩ። የቪዛው ቀን መቁጠር የሚጀምረው ማመልከቻው ላይ እንግዳው ራሱ «እገባለሁ» ብሎ ከሞላው ቀን ነው። አምስት ቀን ዘግይቶ የገባ ሰው አምስቱን ቀን አጥቷል። ቪዛው የሚያስገባውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከሐዋሳ ተነሥቶ ማርሳቢትን አይቶ ልመለስ ቢል አዲስ ቪዛ ያስፈልገዋል።

ከቦሌ ወደ ሐዋሳ በአውሮፕላን የሚቀጥል መንገደኛ ሻንጣውን አዲስ አበባ ላይ ይረከባል፤ በጉምሩክ ያልፋል፤ ከዚያ ለአገር ውስጥ በረራ እንደገና ያስመዘግባል። ሐዋሳ አውሮፕላን ማረፊያ የደረሰው ሻንጣ ጉምሩክን ያለፈ ነው። ስለዚህ በሁለቱ በረራዎች መካከል ጠበቅ ያለ ሰዓት ይዛችሁ ቲኬት አትቁረጡለት፤ የኢሚግሬሽን ወረፋና የሻንጣ ፍተሻ ጊዜ ይወስዳሉ።

ሻንጣው ውስጥ ምን አለ?

እንግዳ ብዙ ጊዜ የሚደናገጠው እዚህ ላይ ነውና ሰፋ አድርጌ ልናገር።

ልብስ፣ መጽሐፍ፣ አንድ ስልክ፣ አንድ ላፕቶፕና የፎቶ ካሜራ የግል መገልገያ ናቸው፤ ቀረጥ አይጠየቅባቸውም። ጉምሩክ የሚያየው ብዛትንና ዓይነትን ነው። አንድ ስልክ የግል ነው፤ በካርቶን የታሸጉ አሥር ስልኮች «ለዘመድ ስጦታ» ቢባሉም ንግድ ይመስላሉ። ለሐዋሳ ትምህርት ቤት ወይም ለሕፃናት ማሳደጊያ ዕቃ ይዞ የሚመጣ ደግ እንግዳ ብዙ ጊዜ የሚቸገረው በዚህ ነው። ስጦታው ለተቋም ከሆነ ተቀባዩ ተቋም አስቀድሞ የድጋፍ ደብዳቤና ፈቃድ ያዘጋጅ፤ እንግዳው በሻንጣ ቢያመጣው ቀረጥ ሊጠየቅ ወይም ዕቃው ሊያዝ ይችላል።

ስለ ድሮን በግልጽ ንገሩት፤ ሳይፈቀድ እንዳያመጣ። ለድሮን ከኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ያለፈቃድ የመጣ ቦሌ ላይ ይያዛል። የሐዋሳን ሐይቅ ከላይ መቅረጽ የሚመኝ ጎብኚ ብዙ ስለሆነ ይህን ሳትነግሩ አትቅሩ። የሳተላይት ስልክም ፈቃድ ይጠይቃል። ለወፍ ተመልካቾች ደግሞ ባይናኩላር አለ፤ እንደ ተራ መነጽር ቢያዩትም ጉምሩክ ሊያስቆመው ስለሚችል፣ በአስጎብኚ ድርጅቱ ደብዳቤ አስደግፈው አስቀድመው ያስታውቁ። ሐዋሳ ብዙ ሰው ወፍ ለማየት የሚመጣባት ከተማ ናት፤ ባይናኩላሩ አዲስ አበባ የቀረበት ጎብኚ የመጣበትን ሳያደርግ ይመለሳል። ፊልም የሚቀርጽ ቡድን ወይም ጋዜጠኛ በቱሪስት ቪዛ አይምጣ።

ጥሬ ገንዘብን በተመለከተ የውጭ ምንዛሪ ከተወሰነ መጠን በላይ የያዘ መንገደኛ ሲገባ ለጉምሩክ አስታውቆ ዲክላራሲዮን ይወስዳል። መጠኑን የሚወስነው ብሔራዊ ባንክ ነው፤ በተለይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ ብዙ መመሪያ ተለውጧልና ከጉዞው በፊት የወቅቱን ቁጥር ጠይቃችሁ ንገሩት እንጂ ከሁለት ዓመት በፊት የሰማችሁትን አትድገሙ። ያስታወቀ ሰው ምንም አይከፍልም። ያላስታወቀ ግን ሲወጣ ተርፎት የያዘውን ገንዘብ ከየት እንዳመጣው ማስረዳት ይቸግረዋል። በየመንደሩ ከሚመነዝር ሰው ጋር አታገናኙት፤ ባንክ ይሂድ፤ ደረሰኙንም ይያዝ።

መድኃኒት ያለው እንግዳ በራሱ ማሸጊያ፣ ከሐኪም ማዘዣ ጋር ይያዝ። በተለይ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎችና የእንቅልፍ ኪኒኖች ጥያቄ ያስነሣሉ።

ሐዋሳ ከገባ በኋላ

አንዳንድ ሰው «ፍተሻ እዚህ ከሌለ ሐዋሳ የጉምሩክ ቅርንጫፍ ለምን አላት?» ይላል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ቅርንጫፉ የሚሠራው በዋናነት ከዕቃ ጋር ነው። ለምሳሌ ሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ጨርቅና ክር ከጅቡቲ ወደብ ያስመጣል። ኮንቴይነሩ ከወደብ በትራንዚት፣ ታሽጎ ይመጣል፤ ወረቀቱና ዕቃው የሚታየው እዚህ ነው። ለመንገደኛ ሻንጣ ግን ይህ አሠራር የለም።

ሆቴል ላይ እንግዳው ፓስፖርቱን ያሳያል፤ ስሙ፣ ዜግነቱና የቪዛው ቀን ይመዘገባል። እንግዳ ተቀባዩ ቅጂ ይውሰድና ፓስፖርቱን ይመልስ። ፓስፖርት እንደ መያዣ አስቀምጦ «ሲከፍሉ ይወስዳሉ» ማለት ትልቅ ጥፋት ነው፤ ፓስፖርት የሰጪው መንግሥት ንብረት ነው፤ እንግዳውም በመንገድ ላይ ሊጠየቅ ይችላል። በፍቼ ጨምበላላ ሰሞን ከተማዋ በእንግዳ ስትሞላ ይህ ጥንቃቄ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ በዓሉ በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ ከውጭ የሚመጣውም ሰው ያየናል።

ፓስፖርቱ ከጠፋበት በመጀመሪያ ፖሊስ ዘንድ ሄዶ ማስረጃ ይውሰድ፤ ከዚያ ኤምባሲው፣ ቀጥሎ ኢሚግሬሽን። ያለ ፖሊስ ማስረጃ ሁለቱም አያስተናግዱትም።

ሲወጣ

የመውጫ ፍተሻ ከመግቢያው ያነሰ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ኢሚግሬሽኑ የቪዛውን ቀን ይቆጥራል፤ ያሳለፈ ቅጣት ይከፍላል፤ አንዳንዴም አውሮፕላኑ ያመልጠዋል። ጉምሩክ ደግሞ አሁን የሚጠይቀው «ምን ይዘህ ትወጣለህ?» ብሎ ነው።

ጥንታዊ የብራና መጽሐፍ፣ መስቀል፣ ሥዕልና ሌላም ቅርስ ያለ ኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ አይወጣም፤ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይህን ይከለክላል። አዲስ የተሠራም ቢሆን አሮጌ ከመሰለ ጥያቄ ያስነሣል። የዝሆን ጥርስ፣ የነብር ቆዳና የመሳሰለው የዱር እንስሳ ውጤት ኢትዮጵያ በ1989 እ.ኤ.አ. በተቀላቀለችው ዓለም አቀፍ ስምምነት የተገደበ ነው። ጎብኚው እዚህ ቢያልፍ እንኳ አገሩ ሲደርስ ይወረስበታል፤ ሊከሰስም ይችላል። ቡና ቢወድ የተቆላና የታሸገ ይግዛ፤ ጥሬ ቡና በብዛት ይዞ መውጣት የላኪ ነጋዴ ሥራ ነው።

የባሕል ዕቃ የምትሸጡ ወንድሞችና እህቶች፣ ለእንግዳው ደረሰኝ ስጡት፤ ዕቃው አዲስ መሆኑን፣ ማን እንደሠራው፣ መቼ እንደተሸጠ በላዩ ጻፉበት። ቦሌ ላይ የጉምሩክ ሠራተኛው ሲጠይቀው ሊያሳየው የሚችለው ማስረጃ እናንተ የሰጣችሁት ያ ወረቀት ብቻ ነው።